ጥቆማ፦ ትልልቅ ቪዲዮ የሚያሳንስ ነጻ ሶፍትዌር የሚያውቅ (ባህር ዳር)

የሽንብጥ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ የባህር ዳር ልጆች፣ ጥቆማ ፈልጌ ነው። የእህቴን ሠርግ የቀረጸው ልጅ ሙሉውን በአንድ ፋይል ሰጠን፤ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ፣ 30 ጂቢ። ውጭ አገር ላለችው አክስቴ በቴሌግራም ልልክላት፣ እናቴ ደግሞ በፍላሽ ቴሌቪዥን ላይ እንድታየው ነው የምፈልገው። ላፕቶፔ ኮር አይ 5፣ 8 ጂቢ ራም፣ ዊንዶውስ 10 ነው። ነጻ የሆነ፣ ክራክ የማያስፈልገው፣ ቪዲዮው ላይ ስሙን የማይለጥፍ ምን አለ? ጥራቱ ብዙ እንዳይወርድብኝ። አመሰግናለሁ።

ዋርካ ሥር፦
ዊንራር። ራይት ክሊክ፣ አድ ቱ አርካይቭ፣ አለቀ።

ፖሊ ግቢ፦
በዊንራር ቪዲዮ አይቀንስም ወንድሜ። ካሜራው ሲቀርጽ ራሱ አምቆ ነው የሚያስቀምጠው፤ የታመቀውን መልሰህ ብታምቀው የምታተርፈው ኢምንት ነው። እሱ ላልታመቀ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው።
ጠያቂው፣ ሃንድብሬክን አውርድ። ነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያለ ነው፣ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል። ስም አይለጥፍም፣ «ሙሉውን ለማግኘት ክፈል» አይልም። ምልክቱ አናናስና የመጠጥ ብርጭቆ ነው። ከራሱ ገጽ ብቻ አውርድ፤ አድራሻው በነጥብ ኤፍ አር ነው የሚያልቀው እንጂ በነጥብ ኮም አይደለም።

ዋርካ ሥር፦
እኔ ሁሌ በዊንራር ነው የምልከው። አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም።

ፖሊ ግቢ፦
መላኩን ማን ከለከለህ? ስለ ማሳነስ ነው የተጠየቀው።

እመት ጣና፦
ልጆቼ፣ ሶፍትዌሩን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እኔ የምመክረው አንድ ነገር ነው። ለቪዲዮ ቤት እንዳትሰጥ! የልጄን ልጅ ክርስትና የተቀረጸበትን ሜሞሪ እዚሁ ከተማ መሃል ላለ አንድ ቤት «ለስልክ እንዲሆን አሳንሱልኝ» ብዬ ሰጠሁ። «ነገ ይምጡ» አሉኝ፤ ነገ ስሄድ «ከነገ ወዲያ»። በመጨረሻ ፍላሽ ሰጡኝ። ቤት ወስጄ ስከፍተው የቄሱ ፊት ሳጥን ሳጥን ሆኗል፤ ሕፃኗ አፏን ከፍታ ካለቀሰች በኋላ ነው ለቅሶው የሚመጣው። ተመልሼ «ዋናውስ?» ብል «እማማ፣ አሳንሰነዋል እኮ፤ ሜሞሪው ሞልቶ ስለነበር አጸዳንልዎት» አይለኝም? አጸዳንልዎት! ደግሞ ገንዘቡን ሙሉ ነው የተቀበለኝ።

ቆሮሶ ጥብስ፦
ውይ እትዬ፣ የቱ ቤት ነው? ይንገሩንና እንጠንቀቅ።

እመት ጣና፦
ስም አልጠራም። የሰው እንጀራ ነው። እሱ ግን የእኔን አላሰበልኝም።

የግሽ ዓባይ ሰው፦
ሁሉም እንደዚህ አይደለም እናቴ። እኔ ያገሩን ሠርግና ተዝካር የማሠራበት ልጅ አለ፤ ጨዋ ነው፣ ሱቁም ንጹሕ ነው። አንተም የሽንብጥ ልጅ፣ ሶፍትዌር ምናምን ስትል ጊዜህን አትፍጅ፤ ለሱ ስጠው።

ፖሊ ግቢ፦
ጋሼ፣ ልጁ በምንድን ነው የሚያሳንሰው?

የግሽ ዓባይ ሰው፦
በኮምፒውተር ነዋ።

ፖሊ ግቢ፦
እሺ።

ቆሮሶ ጥብስ፦
😂😂 በኮምፒውተር መሆኑ ጥሩ ነው፣ በመጅ ቢሆን አስበው።

የግሽ ዓባይ ሰው፦
ሳቁ። ልጁ ከዚህ በፊት የወንድሜን ሠርግ ሠርቶልኛል፣ እስካሁን እናየዋለን። እናንተ ደግሞ አናናስ አውርዱ።

ፔዳ ፊዚክስ፦
ክርክሩ ይቆየን። ጠያቂው ቴሌግራም ስላለ ስሌቱን ልሥራለት። ሳትከፍል በቴሌግራም መላክ የምትችለው አንድ ፋይል እስከ 2 ጂቢ ነው፤ ለከፈለ 4 ጂቢ ነው። የአንተ ቪዲዮ 80 ደቂቃ ነው፣ ማለትም 4,800 ሰከንድ። 30 ጂቢ ለ80 ደቂቃ ማለት በሰከንድ 50 ሜጋቢት ገደማ ነው፤ ካሜራ እንዲህ ቢቀርጽ አይገርምም፣ ለማየት ግን ያን ያህል አያስፈልግም። ምስሉን በሰከንድ 3 ሜጋቢት፣ ድምፁን 160 ኪሎቢት ብታደርገው ጠቅላላው 1.9 ጂቢ አካባቢ ይመጣልሃል። ሃንድብሬክ ውስጥ ‹ቪዲዮ› የሚለው ትር ላይ ‹አቬሬጅ ቢትሬት› (በሰከንድ የሚፈጀው መጠን፣ በኪሎቢት) ብለህ 3000 ጻፍ፣ ‹መልቲ ፓስ› (ቪዲዮውን ደጋግሞ አይቶ የሚያምቅበት) የሚለውን ምልክት አድርግበት። ጊዜ ይወስዳል፤ መጠኑ ግን ቀድሞ የታወቀ ነው።

የሽንብጥ ልጅ፦
ተባረክ ወንድሜ። ለእናቴ ፍላሽስ እንደዚሁ ላድርገው? ፍላሹ 64 ጂቢ ነው፣ ግን ኮፒ ሳደርግ «ፋይሉ ትልቅ ነው» ብሎ እምቢ አለኝ። ባዶ ነው እኮ!

ዋርካ ሥር፦
ፍላሹ ፎርጅድ ነው። 128 ጂቢ ግዛ።

ነጭ ታንኳ፦
ፍላሹ ምንም አልሆነም፣ አትግዛ። ፎርማቱ ፋት 32 ስለሆነ ነው። ፋት 32 የፈለገ ቦታ ቢኖረው ከ4 ጂቢ የበለጠ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ራይት ክሊክ አድርገህ ‹ፎርማት› በልና ኤክስፋት ብታደርገው 30 ጂቢውን እንዳለ ይወስዳል። ሁለት ነገር ልብ በል፦ ፎርማት ስታደርግ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ደግሞ ቆየት ያለ ቴሌቪዥን ኤክስፋትን ላያነብ ይችላል። ስለዚህ ለእናትህ ቪዲዮውን ከ4 ጂቢ በታች አሳንሰህ፣ ፍላሹን በፋት 32 እንዳለ መተው ነው የሚሻለው።

ቆሮሶ ጥብስ፦
ይኸው! ቀድሞም ሰው እንዲህ ሲመልስ ደስ ይላል።

ጊዮርጊስ ማዶ፦
ይህን ሁሉ ምን አመጣው? ኦንላይን የሚያሳንሱ ገጾች ሞልተዋል፤ ቪዲዮውን ትጭናለህ፣ ያሳንሱልሃል፣ ታወርዳለህ። ኢንስቶል የለ፣ ምን የለ።

ቆሮሶ ጥብስ፦
ልክ ነህ። 30 ጂቢ ጭኖ እስኪጨርስ ሙሽራዋ ልጅ ወልዳ ክርስትናውን አብሮ ይጭነዋል። ጥቅሉን አንተ ትገዛለታለህ አይደል?

ጊዮርጊስ ማዶ፦
አስተያየት ነው የሰጠሁት። ስድብ ምን አመጣው?

ፔዳ ፊዚክስ፦
ቀልዱን ትተን፣ በነጻ የሚሠሩት አብዛኞቹ ገጾች በመጠን ገደብ አላቸው፤ 30 ጂቢ አይቀበሉም። ደግሞ የቤተሰብ ቪዲዮ ማንነቱን ለማታውቀው ገጽ መስጠት እኔ አልወድም።

ጥቁር መስኮት፦
ሃንድብሬክ ራሱ ከውስጥ በኤፍኤፍኤምፔግና በኤክስ 264 (ቪዲዮ የሚያምቁ ነጻ ኮዶች ናቸው) ነው የሚሠራው። ለምን በቀጥታ ኤፍኤፍኤምፔግን አትጠቀምም? አንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ትጽፋለህ፣ ኢንተር ትላለህ፣ ያልቃል።

ቆሮሶ ጥብስ፦
ልጁ ለእናቱ ሠርግ ሊያሳይ ነው እንጂ ጠፈር ሊሄድ አይደለም።

ጥቁር መስኮት፦
የማይችል አይጠቀም። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እልካለሁ።

ነጭ ታንኳ፦
ቪዲዮ ማጫወቻው ቪኤልሲ ላፕቶፕህ ላይ ካለ እሱም ያሳንሳል፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ኮንትሮልና አር ተጫን፣ ፋይሉን ጨምር፣ ‹ኮንቨርት› በል። ለአጭር ቪዲዮ ይበቃል። ለሠርግ ግን አልመክርህም፤ ጥራቱን እየተመለከትክ ለማስተካከል አይመችም።

የግሽ ዓባይ ሰው፦
ሃንድብሬክ ቫይረስ አለው ሲባል ሰምቻለሁ። ልጁ ነው የነገረኝ።

ፖሊ ግቢ፦
ጋሼ፣ ከመሬት የተነሳ ወሬ አይደለም፤ ግን ሙሉውን አልነገሩዎትም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ለጥቂት ቀናት ከማውረጃ ሰርቨሮቹ አንዱ ተሰብሮ የማኩ ፋይል በቫይረስ ተተክቶ ነበር። ያሳወቁት ራሳቸው ሠሪዎቹ ናቸው። የዊንዶውሱ አልተነካም፣ የጠያቂው ላፕቶፕ ደግሞ ዊንዶውስ ነው።

የግሽ ዓባይ ሰው፦
ታዲያ ነበረ አይደል? ልጁ አልዋሸም።

ፖሊ ግቢ፦
እሺ ጋሼ፣ ልጁ አልዋሸም።
የሽንብጥ ልጅ፣ ለቴሌቪዥኑ እንዲህ አድርግ። ሃንድብሬክን ክፈትና ፋይሉን ጎትተህ ጣልበት። ‹ፕሪሴት› ላይ ‹ፋስት 1080ፒ 30› ምረጥ፣ ፎርማቱ ኤምፒ 4 ይሁን። ‹ቪዲዮ› ትር ውስጥ ኢንኮደሩ (ቪዲዮው የሚታመቅበት ስልት) ኤች 264 መሆኑን እይ። ኤች 265 ፋይሉን ይበልጥ ያሳንሰዋል፣ ግን ቆየት ያለ ቴሌቪዥን ድምፁን ብቻ አሰምቶ ምስሉን ሊከለክልህ ይችላል። ከዚያ ‹ኮንስታንት ኳሊቲ› የሚል መጎተቻ አለ፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ጥራቱ ይወርዳል፣ ፋይሉም ያንሳል። ብዙ ሰው ተቃራኒው ይመስለውና 30 አድርጎ «አበላሸብኝ» ይላል። ለ1080ፒ ሠሪዎቹ የሚመክሩት ከ20 እስከ 24 ነው፤ አንተ በ22 ጀምር።
ሙሉውን ከመልቀቅህ በፊት ቅመሰው። ከላይ ‹ቻፕተር› የሚለውን ወደ ‹ሰከንድ› ቀይርና እስክስታው ከደመቀበት አንድ ደቂቃ ብቻ ቁረጥ። ቪዲዮን የሚፈትነው ጭፈራ ነው፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ፣ የነጠላው ጥለት ሲወዛወዝ ሳጥን ሳጥን ካልሆነ ሌላው ሁሉ ደኅና ነው። ሌላው መፈተኛ ጨለማ ነው፤ ማታ የተቀረጸ ካለ ከሱም ቁረጥ። ውጤቱ ከ4 ጂቢ ካለፈ 23፣ 24 እያልክ ሂድ።
ዋናውን 30 ጂቢ ደግሞ ኤክስተርናል ላይ አስቀምጥ። ሃንድብሬክ ሌላ አዲስ ፋይል ነው የሚሠራው፣ ዋናውን አይነካም።

እመት ጣና፦
ይኸውላችሁ! ሶፍትዌሩ እንኳ ዋናውን አይነካም።

ቆሮሶ ጥብስ፦
😂😂😂 እትዬ ገደሉን።

ዓባይ ማዶ፦
መብራቱንስ ማን አሰበው? ሃንድብሬክ ኤምፒ 4 እየሠራ መሃል ላይ ቢቋረጥ የሠራው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ፋይሉ አይከፈትም፣ መዝጊያው የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ስለሆነ። የላፕቶፑ ባትሪ የደከመ ከሆነ ፎርማቱን ኤምኬቪ አድርገው፤ ቢቋረጥም እስከ ተቋረጠበት ያለው ብዙ ጊዜ ይከፈታል። ወይም ባልኩት ‹ሰከንድ› ከፋፍለህ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ለብቻ፣ ድግሱን ለብቻ፣ መልሱን ለብቻ እያደረግህ ‹ኪው› (የተራ ዝርዝሩ) ውስጥ ደርድራቸው፤ ሲቋረጥ የሚበላሸው አንዱ ብቻ ይሆናል።

ፖሊ ግቢ፦
‹ሰከንድ›ን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ግን ይሁን 😄 ይህ ጥሩ ነጥብ ነው፣ እኔ ያለ ጀነሬተር ግቢ ውስጥ ስለማልሠራ አልታሰበኝም።

ፔዳ ፊዚክስ፦
አንድ ልጨምር። ኢንኮደሩ ዝርዝር ውስጥ ‹ኢንቴል ኪውኤስቪ› (የኢንቴል ቺፕ ራሱ የሚያምቅበት መንገድ) የሚል ካየህ በጣም ይፈጥናል። ግን በተመሳሳይ መጠን ጥራቱ ከተለመደው ኤክስ 264 ያንሳል። ጊዜ ካለህ ማታ ለቀኸው ተኛ፣ ‹ሲጨርስ ዝጋ› የሚልም ምርጫ አለው።

ጊዮርጊስ ማዶ፦
ሠርጉ ግን የት ነበር? ጣና ዳር ከሆነ የቀረጸው ልጅ ስንት አስከፈላችሁ? የእኔም ጥር ላይ ነው።

ቆሮሶ ጥብስ፦
እንኳን ደስ ያለህ! ኦንላይን አሠራው።

ጊዮርጊስ ማዶ፦
ከአንተ ጋር አላወራሁም።

የሽንብጥ ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ተማርኩ። ጊዮርጊስ ማዶ፣ ዋጋውን በውስጥ መስመር ጻፍኩልህ። ማታ አንዱን እሞክርና አሳውቃችኋለሁ።

ዋርካ ሥር፦
ዊንራርን ሞክር።

ነጭ ታንኳ፦
የሽንብጥ ልጅ፣ ምን ሆነ? የቱ ተሻለህ? እኔም የጥምቀቱን ቪዲዮ ላሳንስ ነበር።

ቆሮሶ ጥብስ፦
እስካሁን እየሠራ ነው 😂

የዘጌ ልጅ፦
ዘግይቼ ገባሁ ይቅርታ። ከርእሱ ወጣ ያለ ነው ግን፣ የድሮ የቪኤችኤስ ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ባህር ዳር ውስጥ የምታውቁት አለ? የአባቴና የእናቴ ሠርግ ነው።

የግሽ ዓባይ ሰው፦
አለ እንጂ! እኔ የማሠራበት ልጅ አለ።

እመት ጣና፦
ካሴቱን ትተህለት እንዳትሄድ። እዚያው ቁጭ ብለህ አስገልብጥ።