ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ጌም ዞን፦ ካርድ፣ የአሻንጉሊት ማሽን፣ የ4 ዓመት ልጅ

የማቲ እናት
ሰላም ለሁላችሁም። ቅዳሜ ኤድና ሞል አካባቢ ልጆች ላጫውት ነው፤ ወንዱ 4 ዓመቱ፣ እህቱ 9። የመጫወቻ ካርዱ ላይ ምን ያህል ባስሞላ ይበቃል? የአሻንጉሊት ማንሻው ማሽን ብር ከመብላት ሌላ ይሰጣል ወይ? መብራት ቢጠፋስ የተቆረጠው ሂሳብ ይመለሳል?

ቀሪ ሂሳብ
እህቴ፣ እንደተከፈተ ግቢ። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ የልደት ልጆች ስለሚመጡ ወረፋው አያጫውትም። ቀኑንም እዪ፤ ወሩ በገባ በ27 ከሆነ መድኃኔዓለም ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ መኪና ማቆሚያ አይታሰብም። በባቡር ከሆነ ኃያ ሁለት ወርደሽ በታክሲ።

ካርድ ከማስሞላትሽ በፊት አንድ ዙር ዙሪና የየማሽኑን ዋጋ አንብቢ፤ ብዙውን ጊዜ ካርድ ማስነኪያው ላይ ተጽፏል። ለእያንዳንዱ ልጅ ለ5 ወይም ለ6 ጨዋታ የሚሆን ብቻ አስሞዪ። ሲያልቅ ይጨመራል፤ የተረፈውን ግን በጥሬ ብር የሚመልስ ቤት ጥቂት ነው። ቦነስ ሲሉሽ ደግሞ በየትኞቹ ማሽኖች እንደሚሠራ ጠይቂ፣ ሽልማት በሚሰጡት ላይ የማይሠራ ቦነስ አለ። ካርዱን ለየብቻ አድርጊላቸው፤ በአንድ ካርድ ከሆነ ትልቋ ትጨርሰውና ለቅሶው ላንቺ ይተርፋል።

ጥፍር
የአሻንጉሊቱ ማሽን ይሰጣል፣ ግን የሚሰጠው ሲፈቀድለት ነው። አሻንጉሊቱን የሚያነሳውን የጥፍሩን ጉልበት ባለቤቱ ያስተካክለዋል። ጥፍሩ ታች ወርዶ ሲጨብጥ ሙሉ ኤሌክትሪክ ያገኛል፤ ወደ ላይ ሲነሳ ይቀነስበታል። አሻንጉሊቱ ልክ ጫፍ ደርሶ የሚያመልጠው ለዚህ ነው፣ የእጅ ችግር አይደለም። ብዙዎቹ ማሽኖች እስከ መጨረሻው አጥብቀው የሚይዙት ከተወሰነ ሙከራ በኋላ እንዲሆን ተደርገው ይስተካከላሉ።

መጀመሪያ ሌላ ሰው ሲጫወት ቆመሽ እዪ። ጥፍሩ ባዶውን ሲመለስ ጣቶቹ ከላሉ ተዪው። ከሌሎቹ ሥር ያልተቀበረ፣ ወደ መውጫው ቀዳዳ ያዘነበለ ምረጪ። ከፊት ሲታይ ርቀቱ ያታልላል፤ ልጅቷ ስታንቀሳቅስ አንቺ በጎን መስታወቱ በኩል ቆመሽ «ትንሽ ወደ ኋላ» በያት። ከ3 ሙከራ በላይ አትሂዱ።

ኤር ሆኪ ይሻላል
ከ@ጥፍር ጋር አልስማማም፣ 3ቱም ሙከራ የባከነ ነው። በዚያው ብር ኤር ሆኪ (ከቀዳዳዎቹ አየር በሚነፋ ጠረጴዛ ላይ ክብ ፕላስቲክ የሚመታበት ጨዋታ) ሁለቱንም ያጫውታል። ከመክፈልሽ በፊት ግን ጠረጴዛው ላይ ሌላ ሰው ሲጫወት እዪ፦ የሚመታው ክብ ፕላስቲክ እየተጎተተ ከሄደ ወይ ማራገቢያው ደክሟል ወይ ቀዳዳዎቹ በአቧራ ተደፍነዋል። ትንሹ እጁን ጠርዙ ላይ እንዳያሳርፍ፤ ጣት የሚመታው እዚያ ነው።

መብራትን በተመለከተ፦ ጀነሬተር እስኪነሳ ማሽኖቹ ጠፍተው እንደገና ይነሳሉ። ካርድ ማስነኪያው ቀድሞ ስለሚበራ ሰው ያስነካል፣ ሂሳብ ይቆረጣል፣ ጨዋታው ግን ገና አልተነሳም። ስክሪኑ ላይ የጨዋታው መግቢያ እስኪመጣ ታገሺ። ከተቆረጠ ደግመሽ ሳታስነኪ የማሽኑን ቁጥርና ስክሪኑን ፎቶ አንሺ፣ ወዲያው ካሸሯ ጋ ሂጂ። ካርዱ የነካበት ሰዓት ኮምፒውተሯ ላይ ይታያል። ማታ ስትወጪ ካነሳሽው ግን ክርክር ነው።

የማቲ እናት
ተባረኩ። ለትንሹ ካልሲ የግድ ነው? የሚጋጩት መኪኖችስ?

ቀሪ ሂሳብ
መንሸራተቻና ኳስ ገንዳ ያለ ካልሲ አያስገቡም፤ ከቤት ካልያዝሽ እዚያው ይሸጡልሻል፣ በውድ። ከሥሩ የጎማ ነጠብጣብ ያለውን ያዢ፣ ተራው ካልሲ ደረጃው ላይ ያንሸራትተዋል። ሱሪ አልብሺው፣ በቁምጣ ጉልበቱ በፕላስቲኩ ይፋጋል። መኪናው በቁመት ነው፤ መለኪያው በሩ ላይ አለ። ካልደረሰ ከአዋቂ ጋር ያስገቡታል ወይም ይከለክሉታል፣ ስለዚህ ካርድ ሳታስነኪ ሠራተኛውን ጠይቂ። ጭንሽ ላይ ግን አታስቀምጪው፣ ሲጋጭ ፊቱ መሪው ላይ ነው የሚያርፈው።