ጂምፕን ከየት ላውርድ? 3 «ዳውንሎድ» ቁልፍ አንድ ገጽ ላይ!

ደሴ_ፎቶኮፒ፦
ሰላም ቤተሰብ። ትንሽ የጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት አለችኝ። ለጉርድ ፎቶ ማስተካከያ ጂምፕ ጎግል ላይ ብፈልግ ከላይ ማስታወቂያ፣ ከሥር የማላውቃቸው ሳይቶች። አንዱን ስከፍት 3 አረንጓዴ «ዳውንሎድ» ቁልፍ ተደርድሯል። የወረደልኝ ፋይል 2 ሜጋ ብቻ ነው፤ ገና አልከፈትኩትም። የደንበኛ ሰነድ ያለበት ኮምፒውተር ስለሆነ ፈራሁ። ምን ትላላችሁ?

ቢኒ፦
አንቲቫይረስ ካለህ ምን አስጨነቀህ? እኔ ሁሉንም ከቴሌግራም ቻናል ነው የማወርደው።

ጠጋኙ፦
ቢኒ፣ በናትህ ሰው አታሳስት።

ደሴ፣ ያቺን 2 ሜጋ እንዳትነካት። የጂምፕ የዊንዶውስ ጫኝ በመቶ ሜጋዎች የሚቆጠር ነው። ያወረድከው ጂምፕን ሳይሆን ደላላውን ነው። ስትከፍተው ያልጠራኸውን ፕሮግራም ሁሉ አስከትሎ ይገባል።

የሳይቱ ስም ትልቅ መሆኑም አያድንም። ሶርስፎርጅ የስንቱ ነጻ ሶፍትዌር ቤት ነበር። 2013 ላይ ጫኞቹ ላይ ሌላ ፕሮግራም የሚያስገባ ተለጣፊ ማስታወቂያ ሲጀምር የጂምፕ አዘጋጆች ጥለውት ወጡ። 2015 ላይ ደግሞ ትተውት የሄዱትን ገጽ ራሱ ይዞ ጂምፕን ከነተለጣፊው ሲያድል ተገኘ። ድፍረት እኮ ነው! 2016 ባለቤት ሲቀየር ቀረ።

እኔ የደንበኛ ማሽን ላይ ስጭን ማስታወቂያውን አልነካም፤ አድራሻውን ራሴ እጽፋለሁ፦ ጂምፕ ነጥብ ኦርግ። ሲወርድ ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ «ዲጂታል ሲግነቸርስ»። እዚያ የፈራሚ ስም ከሌለ ቆም በል። ማውረጃ ገጹ ላይ ሻ-256 የሚባል ባለ 64 ፊደልና ቁጥር ኮድ አለ፤ የፋይሉ አሻራ በለው፣ ፋይሉ ከተነካ ይለወጣል። ፓወርሼል (የዊንዶውስ ትእዛዝ መጻፊያ) ላይ «ጌት-ፋይልሃሽ» (Get-FileHash) ብለህ የፋይሉን ስም አስከትለህ የፋይልህን አውጣና አስተያይ።

ደሴ_ፎቶኮፒ፦
ሌባውስ ገጹ ላይ የራሱን ኮድ መጻፍ አይችልም?

ጠጋኙ፦
ይችላል። ለዚህ ነው ፋይሉን ከየትም አምጣው፣ ኮዱን ግን ከዋናው ሳይት እይ የምልህ። 2017 ላይ ሃንድብሬክ የሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ የሚታደልበት አንዱ ሰርቨር ተሰብሮ የማክ ፋይሉ ተቀየረ፤ ኮዱን ከዋናው ያስተያየ ሰው ልዩነቱን ያየው ነበር። እንደ ኮምፒውተር ማጽጃው ሲክሊነር ከሆነ ግን ኮዱም አይረዳም። በዚያው ዓመት 5.33 የሚባለው እትሙ ከነፊርማው፣ ከራሱ ቤት ተበክሎ ነው የወጣው።

ሳምሪ፦
ቫይረስቶታል የሚባል ሳይት ላይም ፋይሉን ስቀለው፣ በብዙ አንቲቫይረስ በአንዴ ያየዋል። የደንበኛ ሰነድ ግን እንዳትሰቅልበት! የተሰቀለውን ሌሎችም ያገኙታል።

ደሴ_ፎቶኮፒ፦
ደላላውን አጥፍቼ ከዋናው እያወረድኩ ነው፣ ኔቱ ይንፏቀቃል እንጂ። የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝስ? «ነጻ» የሚሉ ሳይቶች ሞልተዋል።

ጠጋኙ፦
እሱ የሚሸጥ ነው፤ በነጻ የሚያድልህን ጠርጥር። ሌላው የአማርኛ መጻፊያ ኪይማን ግን ከራሱ ሳይት በነጻ ይወርዳል። ለተራ ጽሑፍ ደግሞ ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ ቋንቋ ማስተካከያው ውስጥ ገብተህ ጨምረው።