«የባከነ ውሃ»? የጢስ ዓባይ ቦይና የፏፏቴው ክርክር

የጢስ ልጅ፦
ትናንት ከጢስ ዓባይ ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሰውዬ «ፏፏቴው ላይ የሚወርደው ውሃ እኮ የባከነ ውሃ ነው» አለ። የመብራት ነገር እንደሚያውቅ ሰው ረጋ ብሎ ነው የተናገረው። ሲያንገበግበኝ አደረ። ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ነው። ልጅ ሳለን ውሃውን ወደ መብራት ማመንጫ ጣቢያው የሚወስደው ቦይ ከዓባይ የሚለይበት ቦታ ላይ እንጫወት ነበር። መጋቢት ላይ ቦዩ ጢም ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ ይሄዳል። ወንዙ ግን ጥቁር ዐለት ሆኖ ተሰጥቷል። ፍየል ይሻገርበታል። እናቶቻችን ዐለቱ ላይ በቀረች ኩሬ ልብስ ያጥባሉ። ታች ስትወርዱ፣ ክረምት ላይ 400 ሜትር የሚሰፋው ፏፏቴ የነጠላ ጥለት አክሎ ይንጠለጠላል። የባከነው ታዲያ የቱ ነው?

ቮልት፦
ሰውዬው ቃሉ ሸካራ ነው እንጂ ሐሳቡ ልክ ነው። ከ40 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ። ውሃው ማሽን ሳይነካ ከወረደ ጉልበቱን የሚወስደው ዐለቱ ነው። ባከነ ያለው ይህንን ነው። ደግሞ ውሃው የትም አይጠፋም። ከጣቢያው ወጥቶ ከፏፏቴው በታች ተመልሶ ዓባይ ይገባል። ታች ያለ ገበሬ አንድ ጣሳ አይጎድልበትም። የ1956ቱ ጣቢያ 11 ሜጋ ዋት ገደማ፣ የ1993ቱ 73 ሜጋ ዋት ነው። በዚያ መብራት አጥንተን አድገን ቦዩን ጠላት ማድረግ ተገቢ አይደለም።

ሽምብጥ፦
«ጉልበቱን የሚወስደው ዐለቱ ነው።» ወንድሜ፣ ዐለቱ ብቻ ነው የሚወስደው? ጢሱስ? ፊት ለፊት ያለው ገደል በበጋ ሣሩ አረንጓዴ የሚሆነው በምን ይመስልሃል? የአገሩ ስም ራሱ ጢስ ዓባይ የተባለው በዚያ ጉም ነው። ባከነ የምትሉት ነገር ነው ስም ያወጣለት።

ቮልት፦
ስም መብራት አያበራም። ሆስፒታል ውስጥ ማሽን ላይ ያለ በሽተኛ ጉም አይጠቅመውም።

ሽምብጥ፦
ፏፏቴ የሚወድ ሰው በሽተኛ ይሙት ያለ አስመሰልከው። ይህን ማንም አላለም። ያልተባለ አትጨምር።

ጋሽ ፈረቃ፦
ልጆቼ፣ እኔ ከሁለታችሁም አልሆንም። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በጣልያን የጦር ካሳ በ1953 ተቋቋመ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያ ቦይ ተቆፍሮ መብራቱ መጣ። እኔ በዚያ መብራት ሌሊት ፈረቃ ስገባ ስወጣ ልጆች አሳድጌያለሁ። ባሕር ዳር ያኔ ትንሽ ከተማ ነበረች። ከተማ ያደረጋት ፋብሪካውና ያ ቦይ ነው። ስለዚህ ቦዩን እንደ ሌባ አታውሩት፤ እሱም ታሪካችን ነው። ነገር ግን ያኔ ውሃውን ተካፍለን ነበር። ቦዩ ድርሻውን ይወስዳል፣ ፏፏቴው ያገሣል። «ባከነ» የሚል ሰው አንድም ቀን አልሰማሁም።

የጢስ ልጅ፦
ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። የመጀመሪያው ቦይ ከወንዙ ጋር ኖሯል። ነገር የተበላሸው ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ጨረጨራ ተገድቦ፣ ሁለተኛው ጣቢያ ሲመጣ ነው።

ቮልት፦
ጋሼ፣ እርስዎን አክብሬ ልናገር። ያኔ የከተማው ሰው ስንት ነበር? ዛሬስ? መካፈል ሲበዛ ድርሻ ያንሳል።

እናት ዓለም፦
ስለ ሜጋ ዋት ብቻ ታወራላችሁ። አክስቴ ከተንጠልጣዩ ድልድይ ወዲህ ቡና ታፈላለች፣ ነጠላ ትሸጣለች። የውጭ እንግዳ የሚበዛው መቼ ነው? ገናና ጥምቀት ሰሞን። ፏፏቴው የሚሞላው መቼ ነው? ነሐሴና መስከረም። በጭቃው ጊዜ ውሃ አለ እንግዳ የለም። በደረቁ ጊዜ እንግዳ አለ ውሃ የለም። ባለፈው ዓመት አንዲት ፈረንጅ ገደሉ ላይ ቆማ አስጎብኚውን «ፏፏቴው የቱ ጋ ነው?» አለችው። ፊት ለፊቷ ነበር። ልጁ አንገቱን ደፋ። አክስቴ ያንን ቀን አንድ ስኒ ቡና አልሸጠችም። የእሷስ ሥራ ባክኗል አይባልም?

ቮልት፦
እህቴ፣ ለፎቶ ሲባል ውሃ ይለቀቅ ነው የምትይው?

እናት ዓለም፦
ለእንጀራ ነው ያልኩት። «ፎቶ» ያልከው አንተ ነህ።

ታንኳ፦
ሁላችሁም የተሳሳተ ቦታ ላይ ቆማችኋል። ስለ ቦዩ ትጣላላችሁ፤ ውሃው ግን ቦዩ ጋ ሳይደርስ ሄዷል። የበለስ መብራት ማመንጫ በ2002 ተመረቀ። ከጣና ምዕራብ፣ ቁንዝላ በኩል፣ በ12 ኪሎ ሜትር ዋሻ ውሃውን ወደ በለስ ወንዝ ያወርደዋል። 460 ሜጋ ዋት ነው። ከዚያ ወዲህ የጢስ ዓባይ ጣቢያዎች ሁለተኛ ተራ ላይ ናቸው። ቮልት «ከፏፏቴው በታች ተመልሶ ይገባል» ያለው ለቦዩ ውሃ ነው እንጂ ለበለስ አይሠራም። የበለስ ውሃ ዓባይን የሚያገኘው ሩቅ፣ ቤንሻንጉል ወርዶ ነው። ከባሕር ዳር ጀምሮ እስከዚያ ድረስ ያለው ወንዝስ?

ቮልት፦
እሺ፣ ይህን እቀበላለሁ። ግን ያ ውሃም ሕዳሴው ጋ ይደርሳል። በአገር ስሌት አልጠፋም።

ሽምብጥ፦
አሁን ራስህ አመጣኸው። ሕዳሴው 5,150 ሜጋ ዋት ሆኖ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ታዲያ ጢስ ዓባይን ትንሽ ለማስተንፈስ ዛሬ ምን ከለከለን? ትናንት «ሌላ መብራት የለንም» ነበር መልሱ። ዛሬስ?

ቮልት፦
መስመሩ፣ ፍላጎቱ፣ ለጎረቤት የሚሸጠው፤ ነገሩ አንድ ቁጥር ከሌላ ቁጥር መቀነስ አይደለም።

የጢስ ልጅ፦
ቅድም 73 ብለህ በቁጥር የጀመርከው አንተ ነበርክ።

ታንኳ፦
እኔ ለሐይቁም እፈራለሁ። በ1995 ጣና ምን ያህል እንደሸሸ ያየ ያውቃል። ዝናብ አነሰ፣ በጨረጨራ በኩል ለማሽኑ ውሃ ተለቀቀ፣ ጀልባዎቹ ወደብ መጠጋት አቃታቸው። ደንገሉ በደረቅ ጭቃ ላይ ቆሞ ቀረ። ስለዚህ ፏፏቴው ይሞላ ብላችሁ በበጋ በሩን ዝም ብሎ ክፈቱ ማለትም አደጋ አለው።

እናት ዓለም፦
ዝም ብሎ ይከፈት ያለ የለም። በልክ፣ በታወቀ ቀን ይሁን ነው። አስጎብኚው ለእንግዳው ቀኑን ይንገር፣ አክስቴም ስኒዋን ታዘጋጅ።

ቮልት፦
አዲስ አበባ ሆነው በናፍቆት የሚጽፉ ሰዎችም እዚህ አሉበት፤ መብራት ሲጠፋ የሚጨልምባቸው እነሱ አይደሉም።

ሽምብጥ፦
ይህ ለእኔ ከሆነ፣ ስሜ የሰፈሬ ስም ነው። አሁንም እዚያው ነኝ። ትናንት ማታም መብራት ጠፍቶ በሻማ ነው ያመሸሁት።

ጋሽ ፈረቃ፦
ኧረ ተዉ፣ ወደ ሰፈር አታውርዱት።

የጢስ ልጅ፦
ቮልት፣ የድሮዋን አንድ ብር ታስታውሳታለህ? የወረቀቷን? ጀርባዋ ላይ የነበረው ፏፏቴ የእኛው ነው። አገሩ ሁሉ ኪሱ ይዞት ዞሯል። አባቴ በጣቱ እየነካ «ይኼ የእኛ ቤት ነው» ይለን ነበር። ያንን ውሃ ባከነ ማለት ለእኔ አባቴን መስደብ ነው። እሑድ ጢስ ዓባይ ነኝ። ና፣ መለያያው ላይ አብረን ቆመን እንየው።

ቮልት፦
እመጣለሁ። ሐሳቤን ግን አልቀይርም።

ሽምብጥ፦
አትቀይር። «ባከነ» የሚለውን ቃል ብቻ መልስልን። እስካሁን አልመለስክም።