የመማሪያችን ኮድ አንድ ወጥ እንዲሆን እርዱን

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ውስጥ፣ ለሳቢያን ሰፈር ወጣቶች የፓይተን (የፕሮግራሚንግ ቋንቋ) መማሪያ በአማርኛ እያዘጋጀን ነው። ምዕራፎቹን የምንጽፈው ተከፋፍለን ነው። ችግሩም እዚህ ጋ ነው። አንዱ የኮዱን መስመር መጀመሪያ በታብ ወደ ውስጥ ያስገባል፣ ሌላው በ2 ስፔስ፣ እኔ በ4። ፓይተን 3 ደግሞ ታብና ስፔስ ሲደባለቅበት ስህተት ያወጣል። ተማሪው ከሁለት ምዕራፍ ኮድ ቀድቶ ሲያገናኝ ይሄ ይገጥመዋል፤ ጥፋቱም የራሱ ይመስለዋል። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ ገና ጀማሪ እኮ ነው።

በ4 ስፔስ ተስማምተናል፤ የፓይተን የኮድ አጻጻፍ መመሪያ የሆነው ፔፕ 8 የሚመክረውም እሱን ነው። ለሙሉ ፋይል፣ የኮዱን አቀማመጥ በራሱ የሚያስተካክለው ብላክ የሚባል መሣሪያ ጥሩ ይሠራል። የኛ ምሳሌዎች ግን ማርክዳውን (ቀላል የጽሑፍ ቅርጸት) ውስጥ፣ በማብራሪያው መሃል ናቸው። በጽሑፍ መሃል ያለ ኮድን በብላክ የሚያስተካክለውን ብላከን ዶክስን ሞከርን። ሙሉውን ኮድ ያስተካክላል። ሆን ብለን የቆረጥነውን፣ ለምሳሌ ያለ ኢፍ (if) የኤልስን (else) ክፍል ብቻ ስናሳይ፣ ስህተት ነው ይለናል።

ሌላም አለ። ብላክ መስመሩን እስከ 88 ፊደል ይፈቅዳል። ልጆቹ የሚያነቡት በስልክ ነው፤ መስመሩ ከስክሪኑ ያልፋል። ቁጥሩን ብናሳንሰው ኮዱ አይበጣጠስም?

መማሪያ ያዘጋጃችሁ፣ ቁርጥራጭ ኮዱን እንዴት ነው የምትይዙት? ሙሉ ፋይል ጽፎ የሚፈለገውን መስመር ብቻ ወደ ጽሑፉ መሳብ ይሻላል? በምን መሣሪያ? እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩን።