በሶፊ ኦክሳነን «ፑህዲስቱስ» ውስጥ አሊዴን በምን ሚዛን እንፍረዳት?

የመጻሕፍት ወዳጅ (ጥያቄ)፦
ጤና ይስጥልኝ። የፊንላንዳዊቷን ደራሲ የሶፊ ኦክሳነንን «ፑህዲስቱስ» («ማጽዳት» እንደማለት ነው) የተባለ ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ ትርጉሙ አንብቤ ከጨረስኩ በኋላ አእምሮዬ አላረፈም። ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1992 በምዕራብ ኢስቶኒያ ገጠር ብቻዋን የምትኖረው አሮጊት አሊዴ ትሩ፣ ዛራ የተባለች ወጣት በግቢዋ ወድቃ ስታገኝ ነው። ገጹ እየተገለጠ ሲሄድ ግን የአሊዴ እህት ኢንገልና ልጇ ሊንዳ በግዞት ሲወሰዱ የአሊዴ እጅ እንደነበረበት እንረዳለን። ደራሲዋ እንድናዝንላት ነው ወይስ እንድንፈርድባት የምትፈልገው? ደግሞስ አገሯ በሶቭየት ኅብረት ሥር ያልወደቀች ጸሐፊ ስለ ኢስቶኒያ ለመጻፍ ምን አነሣሣት?

ባልቲክ አንባቢ፦
ሁለተኛውን ጥያቄ ላስቀድም። ኦክሳነን እ.ኤ.አ. በ1977 ፊንላንድ ውስጥ የተወለደች ብትሆንም እናቷ ኢስቶኒያዊት ናቸው። ኢስቶኒያ በ1940 በሶቭየት ጦር፣ ከ1941 እስከ 1944 በጀርመን፣ ከዚያም እንደገና በሶቭየት ተይዛለች። በመጋቢት 1949 በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ20,000 በላይ ሰዎች ወደ ሳይቤሪያ የተጋዙ ሲሆን አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን ነበሩ፤ ገበሬው ወደ ኅብረት እርሻ በብዛት የገባውም ከዚህ ድንጋጤ በኋላ ነው። ፊንላንድ በበኩሏ ካሬሊያ የተባለውን ምሥራቃዊ ግዛቷን ለሶቭየት ኅብረት አጥታ ከ400,000 በላይ ተፈናቃዮችን ብታሰፍርም ነጻነቷን ጠብቃለች፤ ይሁን እንጂ ከኃያሉ ጎረቤቷ ጋር በጥንቃቄ መኖር ስለነበረባት፣ ከባሕሩ ማዶ በኢስቶኒያ ስለሚሆነው ነገር በአደባባይ መናገር ለአሥርተ ዓመታት ይሸሽ ነበር። ሥራው በ2007 በተውኔትነት ሄልሲንኪ ላይ ሲታይ፣ በ2008 ደግሞ ልብ ወለድ ሆኖ «ፊንላንዲያ» የተባለውን የአገሪቱን ታላቅ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲያገኝ ያ ዝምታ በይፋ ተሰበረ ብዬ አምናለሁ።

ምሥራቅ ብርሃን፦
ወደ አሊዴ ልመለስ። ጠያቂያችን ያነሡት ጉዳይ የመጽሐፉ ልብ ነው። አሊዴ በማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ በምርመራ ስም ተደፍራ ከወጣች በኋላ የምትፈራው መርማሪዎቹን ብቻ አይደለም፤ የደረሰባትን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያስፈራታል። በመንገድ ላይ የእሷን መሰል መንቀጥቀጥ የምታይባቸውን ሴቶች እንኳ ትሸሻለች፤ በዚህም ሊያጽናኗት ይችሉ ከነበሩት ተለየች። የጠረኑን ነገር መታገሥ የማትችለውን የፓርቲ ካድሬ ማርቲንን ያገባችው፣ ከእሱ አጠገብ ከሆነች ማንም በሌሊት መጥቶ እንደማይወስዳት ስላሰበች ነው። ጥበቃን የገዛችው ከጎዳት ሥርዓት እጅ ነበር።

እዚህ ላይ ብቻ ብንቆም ማዘኑ በቀለለን። ነገር ግን አሊዴ የእህቷን ባል ሃንስን ከወረራው በፊት ጀምሮ ትወደው ነበር፤ ሃንስም ከሶቭየቶች ሸሽቶ በቤቱ ሥውር ክፍል ተደብቆ ሳለ ኢንገል ስትጋዝ አሊዴ ብቻዋን ቀረችለት። ስለዚህ ፍርሃት ብቻ ነው ያሠራት ማለት አንችልም። ቅናቷን ወረራው አልፈጠረውም፤ በሰላሙ ጊዜ ቢሆን ግን በቤተሰብ ጠብና በኩርፊያ ያልቅ የነበረውን ቅናት፣ ሰውን ከአገሩ የሚነቅል መሣሪያ አስታጠቀው። በእኔ አመለካከት ኦክሳነን ስለ ሶቭየት ዘመን ከተናገረችው ሁሉ ጥልቁ ይህ ነው።

የወንዝ ዳር፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በምድር ቤቱ ውስጥ በሕፃኗ ሊንዳ ላይ እንድትፈጽም የተገደደችውንና በኋላ በቤቷ ተቀምጣ በእህቷ ግዞት የፈጸመችውን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ግፍ ይሆናል፤ በመጀመሪያው ምርጫ አልነበራትም፣ በሁለተኛው ግን ነበራት። ዛራም የኢንገል የልጅ ልጅ ናት፤ በርሊን ውስጥ ለወሲብ ንግድ ካዋሏት ሰዎች አምልጣ ነው የመጣችው። አሊዴ መጀመሪያ የዘራፊዎች ማጥመጃ ትሆናለች ብላ ትጠረጥራታለች፤ ኋላ ግን ሃንስን በደበቀችበት ክፍል ሸሽጋት ለአሳዳጆቿ ትዋሻለች። ይህ ኢንገልን የሚክስ አይደለም፤ ደራሲዋም እንደ ካሣ አላቀረበችውም። ፍርድዎን ከመስጠትዎ በፊት ግን በመጨረሻው ክፍል የተደረደሩትን የምስጢር ዘገባዎች እንደገና እንዲያነቧቸው እለምንዎታለሁ፤ እስከዚያ በአሊዴ ዓይን ያየናቸውን ሰዎች በዚያ ክፍል የምናያቸው በሰላዮቻቸው ዓይን ነው።