ስኳር ያለበት ሰው እንቁላል ይብላ ወይስ ይተው?

ጤናዳም፦ «ስኳር ያለበት ሰው እንቁላል አይንካ» የሚል መልእክት ዛሬም ከዘመድ ደረሰኝ። ኧረ በቃችሁ! አንድ እንቁላል ውስጥ ያለው ካርቦሃይድሬት 1 ግራም እንኳ አይሞላም። ስኳሩን ከየት አምጥቶ ይጨምራል? እንደ ልባችሁ ብሉ።

ነርሷ፦ ካርቦሃይድሬቱ ላይ ልክ ነሽ። «እንደ ልባችሁ» ያልሽው ግን ሰው ይጎዳል። ባለስኳር የሚፈራው ስኳሩን ብቻ ሳይሆን ልቡንና የደም ሥሩንም ነው። አንዱ አስኳል ወደ 200 ሚሊ ግራም የሚጠጋ ኮሌስትሮል አለው።

ጤናዳም፦ የአሜሪካ የአመጋገብ መመሪያ እኮ በቀን 300 ሚሊ ግራም የሚለውን ገደብ በ2015 እ.ኤ.አ. አንስቶታል!

ነርሷ፦ ገደቡን አነሳ እንጂ እንደ ልባችሁ ብሉ አላለም። ያው መመሪያ ኮሌስትሮል በተቻለ መጠን ይቀነስ ይላል። ጨርሰሽ አንብቢው።

የአባቱ ልጅ፦ አባቴ ዳቦ ብቻውን ሲበላ ስኳሩ ይወጣል፤ ከእንቁላል ጋር ሲበላ ያን ያህል አይደለም። ፕሮቲኑና ስቡ ምግቡን ጨጓራ ውስጥ ያቆዩታል፣ ስኳሩም ቀስ እያለ ነው ደም ውስጥ የሚገባው።

ሆዴ፦ እኔን የሚያሰቃየኝ ያ መቆየቱ ነው! ሆዴ ይነፋል፣ ይደርቃል። እንቁላል ፋይበር የሚባል የለውም፤ ያለ አትክልት አትብሉት።

ብረት አንሺው፦ ጥሬውን ጠጣው፣ ይቀልሃል።

ነርሷ፦ እባክህ ሰው አታሳስት! ከበሰለ እንቁላል ሰውነት 90 በመቶ ገደማውን ፕሮቲን ይወስዳል፤ ከጥሬው ግማሹን ያህል ነው። ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያም አለ።

ብረት አንሺው፦ ስንቶቻችን ስንጠጣ ኖረናል፣ ማን ታመመ?

ጤናዳም፦ ወደ ጉዳያችን። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ላይ፣ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለባቸውና ለሱ የተቃረቡ ሰዎች ለ3 ወር በሳምንት 12 እንቁላል በሉ። ኮሌስትሮላቸው ጥቂት ከበሉት አልተለየም።

ነርሷ፦ 12 ተብሎ ተቆጥሮ ነዋ! እንደ ቅቤ ያለውን ስብም በተሻለ ስብ እንዲተኩ ተመክረው ነበር። ያንቺ «እንደ ልባችሁ» ቁጥርም ምክርም የለው።

ጤናዳም፦ እንቁላል ያስተዋችሁት ሰው በምትኩ ምን እየበላ ነው? ነጭ ዳቦ! ይሄ አያስቆጣችሁም?

የአባቱ ልጅ፦ አባቴ ኩላሊቱም ተነክቶ ፕሮቲን ቀንስ ተብሏል። እሱም እንደ ልቡ ይብላ?

ጤናዳም፦ ስለ ኩላሊት ማን አነሳ?

የአባቱ ልጅ፦ እኔ አነሳሁ። መልሺልኝ።