ዳይክሎፌናክ የሚውጥ ሰው ቤታችሁ ካለ፦ የምርመራና የማስታገሻ ጥቆማ

እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ስትውጥ ወራት አለፉ። ትራሷ ሥር በፌስታል ቋጥራ ታስቀምጠው ነበር። ጨጓራዋን ሲያቃጥላት ተልባ ትጠጣለች። አንድ ቀን ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ጠቆረ። አፍራ ሁለት ቀን ደበቀችን። ሆስፒታል ስንደርስ ጨጓራዋ ቆስሎ እየደማ ነበር፤ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያም ተገኘባት።

ባክቴሪያው ለብቻው ጨጓራ ያቆስላል። ማስታገሻውም የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቀውን ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ ያቆስላል። ጉዱ ሁለቱ ሲገናኙ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የጥናቶች ቅኝት እንዳሳየው፣ ሁለቱም ያሉበት ሰው ቁስሉ የመድማት ዕድሉ ሁለቱም ከሌሉበት 6 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ክኒኑን ለረጅም ጊዜ ከመጀመራችሁ በፊት ተመርመሩ።

የቱን ምርመራ? የደሙን አልመክርም። ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። የሰገራ አንቲጅን (የባክቴሪያውን ክፍል ሰገራ ውስጥ የሚፈልገው ምርመራ) ይሻላል፣ አሁን ያለውን ነው የሚያሳየው። የትንፋሹም ጥሩ ነው፣ ካገኛችሁት። ላቦራቶሪ ስትደውሉ «ኤች ፓይሎሪ እንሠራለን» ቢሏችሁ አትርኩ። «በደም ነው በሰገራ?» በሉ። ኦሜፕራዞል (የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው መድኃኒት) ከ2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ከ4 ሳምንት በፊት ካልቆመ ውጤቱ በውሸት ነጌቲቭ ሊሆን ይችላል፤ አቋቋሙን ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ። ባክቴሪያውን ከሚያጠፋው ሕክምና በኋላም ቢያንስ 4 ሳምንት ቆይታችሁ በሰገራ ድገሙት። ብዙ ሰው ይህችን ይዘላታል። እኛም ልንዘላት ነበር።

ወደ ማስታገሻው ስመጣ፣ ለጨጓራ ፓራሲታሞል ይቀላል። ለጉልበት የዳይክሎፌናክ ቅባት ሞክሩ፤ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። እናቴ አሁን ማታ ማታ እሱን ትቀባለች፣ እኔ ነኝ የማሽላት። አይቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን ከዳይክሎፌናክ ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ስሙን መቀየር ጨጓራን አያድንም። «በመርፌ ከሆነ ጨጓራ አይነካም» የሚባለውም ስህተት ነው። መድኃኒቱ በደም ዞሮ እዚያው ይደርሳል። ክኒኑ ግድ ከሆነ ኦሜፕራዞል አብሮ ይታዘዝ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ለልብ የታዘዘ አስፕሪን ግን በራሳችሁ አታቁሙ።

ተልባው ማቃጠሉን ቢያበርድላትም ባክቴሪያውን አልገደለውም።

ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ወይም ትውከቱ የቡና አተላ ከመሰለ፣ ላቦራቶሪ ለላቦራቶሪ አትዙሩ። በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። እናቶቻችን ስለሚያፍሩ፣ እናንተው ጠይቋቸው።